ልጆች የክረምት ዕረፍታቸውን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ያሳልፉ?

ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ልጆችን ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መላክ ለብዙ ወላጆች መጀመሪያ የሚመጣ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ዛሬ አልሄድም» የሚል ልጅ የማይገኝበት ቤት ግን ጥቂት ነው። ይህ ልጅ መጽሐፍ ጠልቶ ላይሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚያሰለቸው መጽሐፉ በሌላ ሰው ተመርጦ፣ የገጹ ብዛት በሌላ ሰው ተወስኖ፣ ሲጨርስም እንደ ፈተና የሚጠየቅ መሆኑ ነው፤ ማለትም ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ በሌላ ሕንፃ ውስጥ የቀጠለ ይመስለዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ሰዓቱን፣ ደንቡንና ደኅንነቱን ወላጅ ያሰናዳ፤ የሚነበበውንና የሚፈለገውን ነገር ግን ልጁ ራሱ ይምረጥ።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት

ልጁን ከመውሰድ አስቀድሞ ወላጅ ብቻውን ጎራ ብሎ ጥቂት ነገሮችን ቢያጣራ ይመረጣል። ልጅ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ያለ አዋቂ መቀመጥ እንደሚፈቀድለት፣ ለምዝገባ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ በአንድ ጊዜ ስንት መጽሐፍ ለስንት ቀን መዋስ እንደሚቻል፣ የዘገየ ወይም የተጎዳ መጽሐፍ ምን እንደሚያስከትልና የሕፃናት ክፍሉ በየትኞቹ ቀናት እንደሚከፈት ይጠይቁ። ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ይበልጣል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሞግዚት አይደለም፤ በሩ ለማንም ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅን ትቶ ወደ ሥራ መሄድ ለልጁ ደኅንነት አስጊ ከመሆኑም በላይ ባለሙያውን ያልተረከበው ኃላፊነት ውስጥ ይከተዋል። ደንቡ የሚፈቅድለት ትልቅ ልጅም ቢሆን ማን እንደሚወስደው፣ በስንት ሰዓትና በየትኛው በር እንደሚገናኙ፣ የሚወስደው ሰው ቢዘገይ የት ሆኖ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እና ዩኔስኮ በጋራ ያወጡትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ፣ አገልግሎቱ ዕድሜ ሳይለይ ለሁሉም በእኩልነት መሰጠት እንዳለበትና በመርሕ ደረጃ ከክፍያ ነጻ መሆን እንደሚገባው ይገልጻል። እንግዲህ ለልጅ የአባልነት ካርድ መጠየቅ ውለታ መጠየቅ አይደለም። ደንቡ ከፈቀደ ካርዱ በልጁ ስም ይውጣ፤ መጻፍ የሚችል ልጅ ከሆነም ቅጹን ወላጁ አጠገቡ ሆኖ ራሱ ይሙላው። ስሙ የታተመበትን ካርድ በራሱ እጅ ያስረከበ ልጅ የሚመለስበትን ቀን የሚያስታውሰው በእናቱ ካርድ ከሚዋሰው ልጅ በተሻለ ነው።

የቀኑ አካሄድ

በየቀኑ ከመሄድ ይልቅ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት የታወቁ ቀናት መመደብ ይሻላል፤ ልጁ በመካከል ባሉት ቀናት የተዋሰውን ያነባል፣ ይጫወታል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚፈልግም ያስባል። አምስትና ስድስት ዓመት ለሆነው ልጅ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ለአሥር ዓመት ልጅ ግማሽ ቀን አይበዛም፤ በመካከሉ ግን ወጣ ብሎ እግሩን የሚያፍታታበት፣ ውኃ የሚጠጣበትና ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል። ጠዋት ክፍሉ ብዙ ጊዜ ጭር ያለ ስለሚሆን ከቀትር በኋላ ካለው ሰዓት ይመረጣል።

ቀኑ የሚጀምረው የተዋሱትን በመመለስ ነው። ከዚያ ወደ ንባብ ከመግባት በፊት፣ በእኔ ግምት ሌላውን ሁሉ የሚያቃናው ሥራ ይመጣል፦ ልጁ ከቤት ይዞት የመጣውን አንድ ጥያቄ መፈለግ። ለዚህ አንዲት ትንሽ ደብተር ትበቃለች። በሳምንቱ ውስጥ ልጁ «ለምን?» ብሎ የጠየቀውን ሁሉ ወዲያው ከመመለስ ይልቅ «ጻፈውና ቤተ መጻሕፍት ስንሄድ እንፈልገዋለን» ማለት ነው፤ መጻፍ ለማይችለው ወላጁ ይጽፍለታል።

ፍለጋው እንዴት እንደሚሄድ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ «የሌሊት ወፍ ተዘቅዝቃ ስትተኛ ለምን አትወድቅም?» ብላ ጽፋለች እንበል። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመውን አመዳደብ ይከተላሉ፤ በዚህ አመዳደብ ዕውቀት ሁሉ ከ000 እስከ 900 በሚደርሱ አሥር ዋና ዋና ክፍሎች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ መጽሐፍ በጀርባው ላይ እንደ ቤት ቁጥር የሚያገለግል መለያ ይለጠፍበታል። የተፈጥሮ ሳይንስ በ500ዎቹ ውስጥ ነው። ልጅቷ በቅድሚያ የምትሄደው 598 ወደተጻፈበት የአእዋፍ መደርደሪያ ነው፤ እዚያ ንስርም ጉጉትም ታገኛለች፣ የምትፈልጋትን ግን አታገኝም። ወላጅ እዚህ ላይ መታገሥ አለበት፤ መልሱን ከስልኩ አውጥቶ ሊነግራት እጁ ቢያሳክከውም። ልጅቷ በካታሎጉ፣ ማለትም በቤተ መጻሕፍቱ የመጻሕፍት ዝርዝር ላይ ስትፈልግ የሚመጣላት ቁጥር 599.4 ይሆናል፤ ቁጥሩን ተከትላ ስትሄድ አጠገቧ ዝሆንና ዓሣ ነባሪ ስላሉ የቆመችው አጥቢ እንስሳት መካከል መሆኑን ታያለች። የሌሊት ወፍ ወልዳ የምታጠባ እንስሳ መሆኗን ያወቀችው እንግዲህ አንድም ገጽ ሳትገልጥ ነው።

መጽሐፉን ካገኘች በኋላ ከፊት ያለውን ማውጫና ከመጨረሻው ገጾች በፊደል ተራ የተደረደረውን መጠቁም (እያንዳንዱ ነገር በየትኛው ገጽ እንዳለ የሚያመለክተውን ዝርዝር) ያሳዩአት። መጽሐፍን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ የሚፈልጉትን ማውጣት የሚቻል መሆኑ ለብዙ ልጆች አዲስ ነገር ነው። መልሱ ይህ ነው፦ የሌሊት ወፍ ስትንጠለጠል የሰውነቷ ክብደት የእግሯን ጅማቶች ስቦ ጥፍሮቿን ይቆልፋቸዋል፤ ስለዚህ ተንጠልጥላ ለመቆየት ጡንቻዋን ማድከም አያስፈልጋትም። ልጅቷ ይህን በራሷ አነጋገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋ ከሥሩ የመጽሐፉን ርእስና ገጹን ታሰፍራለች። ርእስና ገጽ መመዝገብ ለልጅ የበዛ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በሚቀጥለው ሳምንት «ያንን ሥዕል እንደገና ላየው» ስትል መጽሐፉን በራሷ እንድታገኘው ያስችላታል።

ፍለጋው ካልተሳካ ባለሙያውን መጠየቅ ያለበት ልጁ ራሱ ነው። አስቀድሞ ጥያቄውን ማጥራት ይለማመድ፤ «የእንስሳት መጽሐፍ አላችሁ?» ከሚል ይልቅ «የሌሊት ወፍ እንዴት እንደምትተኛ የሚናገር፣ ሥዕል ያለው መጽሐፍ እፈልጋለሁ» ቢል ባለሙያው በቀጥታ ሊረዳው ይችላል። ዓይን አፋር ልጅ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ቢሰጥም ነውር የለውም። ቁጥሮቹን በቃል ማጥናት አያስፈልግም፤ ልጁ በሚወደው ነገር አንዱን ወይም ሁለቱን ቢያውቅ ይበቃዋል፦ የሥነ ፈለክ መጻሕፍት በ520፣ ተረቶች በ398.2፣ ስፖርት በ796 ይገኛሉ። ልብ ወለድ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው በደራሲ ስም ተራ ይደረደራል፤ ሌላ ዓይነት አመዳደብ የሚጠቀም ቤተ መጻሕፍትም ስላለ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነው።

መጽሐፍ መምረጥ

ልጁ መጽሐፉ ለችሎታው ይመጥን እንደሆነ በጣቶቹ መለካት ይችላል። ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ገልጦ ያነባል፤ ለማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ያነሣል። አንድም ካላነሣ ወይም አንድ ብቻ ካነሣ ቀላል ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ይመጥነዋል፤ አምስቱም ከተነሡ ለብቻው ለማንበብ ይከብደዋል። ይህ መለኪያ ለብቻ ንባብ ብቻ መሆኑን መርሳት አይገባም። ስለ ዳይኖሰር የማይጠግብ ልጅ አምስቱንም ጣት የሚያስነሣ ወፍራም መጽሐፍ ቢመርጥ ሥዕሉንና ከሥዕሉ በታች ያለውን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ ብዙ ሊያተርፍ ስለሚችል ይዋስ፤ ከባዱን ክፍል ማታ አዋቂ ያንብብለት።

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት የሥዕል ታሪክ፣ መጽሔት ወይም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ደግሞ ደጋግሞ የሚመርጥ ልጅ ሲያዩ «ይሄ ንባብ አይደለም» በማለት ነው። ንባብ ነው። ያነበበውን የሚደግም ልጅ ቃላቱን እያፈጠነና የታሪኩን አካሄድ አስቀድሞ እያወቀ ስለሚሄድ ልበ ሙሉ ይሆናል። ጥሩ ሚዛን የሚሆነው፣ ሦስት መጽሐፍ መዋስ ከተቻለ ሁለቱን ልጁ ያለ አስተያየት እንዲመርጥ፣ ሦስተኛውን ወላጅ ሐሳብ እንዲያቀርብበት ማድረግ ነው፤ ያም ቢሆን ልጁ አልፈልግም ካለ ይተዉለት።

ገና ማንበብ ለማይችሉት ሥዕል ያለውን መጽሐፍ እያሳዩ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ተገቢ ነው። ገጹን ከመግለጥ በፊት «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብሎ ማቆም፣ ልጁም ታሪኩን በሥዕሉ ብቻ እንዲተርክ መጋበዝ ከቃል በቃል ንባቡ ባልተናነሰ ይጠቅማል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ለታናሽ ቢያነቡለት ደግሞ ማንበብ የሚያሳፍረው ትልቅ ልጅ የማያርመው አድማጭ ያገኛል።

ሽልማትን በተመለከተ

ብዙ ቤተ መጻሕፍት በክረምት የንባብ መርሐ ግብር ያዘጋጃሉ፤ ልጆች ያነበቡትን የሚመዘግቡበት ሰንጠረዥ ይሰጣቸዋል፣ መጨረሻ ላይም የምስክር ወረቀት ሊሰጥ ይችላል። በዚህ መሳተፍ መልካም ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ወላጅ ከራሱ ኪስ «ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» ሲል ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሽልማት ተስፋ ተሰጥቷቸው ከሣሉ በኋላ፣ በነጻ ጊዜያቸው ለመሳል ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኝቷል፤ ሽልማት ሳይጠብቁ በሣሉት ላይ ግን ይህ አልታየም። የመጽሐፍ ብዛት የሚቆጥር ልጅም ቶሎ የሚያልቀውን ቀጭን መጽሐፍ መፈለግ ይጀምራል። መሸለም ካስፈለገ ሌላ አንድ መጽሐፍ ተጨማሪ መዋስ ወይም ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ተጨማሪ የንባብ ጊዜ መስጠት ይሻላል።

ከንባብ ውጭ ያለው ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ ይወሰናል፤ የተረት ሰዓት፣ ቼዝ ወይም ሥዕል ካለ ይጠቀሙበት። ኮምፒውተር ካለ ሰዓቱን አስቀድመው ይወስኑ፤ ከንባቡ በፊት ሳይሆን በኋላ ይሁን።

የመጻሕፍት አያያዝ

ለልጆች በቅድሚያ የሚነገረው «አትቅደዱ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት መጽሐፍን በራሳቸው እጅ ወደ መደርደሪያ እንዳይመልሱ ባስተምር እመርጣለሁ። በተሳሳተ ቦታ የገባ መጽሐፍ እያለ እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ያነበቡትን ለዚሁ በተዘጋጀው ጋሪ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይተዉት። ገጽ ቢቀደድም ቤት ውስጥ በፕላስተር መለጠፍ አይገባም፤ ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ቢጫ እየሆነ ወረቀቱን ይጎዳዋል። ልጁ ራሱ ለባለሙያው አሳይቶ «ይህ ገጽ ተቀድዷል» ይበል። ቤት ውስጥ ደግሞ የተዋሷቸው መጻሕፍት ከራሳቸው መጻሕፍት ጋር ሳይቀላቀሉ አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ የሚመለሱበትም ቀን በልጁ እጅ ተጽፎ በሚታይ ስፍራ ይለጠፍ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው አዲስ መጽሐፍ ከመዋስ በፊት የመመለሻው ቀን ትምህርት ላይ የሚውል መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። በዚያው ጉብኝት ቤተ መጻሕፍቱ በትምህርት ወራት በቅዳሜና ከትምህርት ሰዓት በኋላ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠይቆ በደብተሩ ላይ የሚጽፈው ልጁ ይሁን፤ ያልተመለሱለትም ጥያቄዎች ካሉ በዚያው ደብተር ላይ ይቆዩለት።