የወጣት ቤዝቦል ተጫዋች ካርድ ስትገዙ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ታስታውሱት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጁን 2010 ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ ለከተማው የቤዝቦል ቡድን ለናሽናልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወረውር ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። በዚያ አንድ ምሽት 14 ስትራይክ አውት አስመዘገበ፤ 14 ጊዜ መቺውን ሦስት ስትራይክ አስቆጥሮ አስወጣ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን በዓለም ላይ አንድ ብቻ የታተመ የቦውማን (የካርድ ምርት ስም ነው) ካርዱ ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ክረምቱ ሳያልቅ ክርኑ ተጎዳና ቀዶ ጥገና ገባ። የሚቀጥለውን የውድድር ዘመን አብዛኛውን ቁጭ ብሎ አሳለፈ።

ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። «ልጁ ጎበዝ ይሆናል ወይ?» እና «ካርዱ ዋጋ ይጨምራል ወይ?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ስትራስበርግ ወድቆ የቀረ ልጅ አይደለም፤ በ2019 የወርልድ ሲሪስ፣ የዓመቱ የፍጻሜ ግጥሚያ፣ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ግን ያን ሰሞን የሚጠየቀው ዋጋ ገና ያልሠራውን ሁሉ እንደሠራ የቆጠረ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ያሰባችሁትን ያህል ጎበዝ ቢወጣ እንኳ ከዛሬው ዋጋ በላይ የሚከፍል ሰው ይኖር እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

የድራፍት ቁጥር ማምለክም አለ፤ ድራፍት ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው። ስትራስበርግ አንደኛ በተመረጠበት በ2009 ድራፍት ማይክ ትራውት የተመረጠው 25ኛ ነው። የትራውት ፊርማ ያለበት፣ አንድ ብቻ የታተመ የ2009 ካርድ በ2020 ከ3.9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። አልበርት ፑሆልስ ደግሞ በ13ኛው ዙር ተመርጦ 703 ሆም ረን (አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን ከአጥር በላይ የሚያወጣ ምት) መትቶ ጨረሰ። በ1991 አንደኛ የተመረጠው ብሪየን ቴይለር ግን ትከሻው ተጎድቶ ዋናውን ሊግ፣ ሜጀር ሊግን፣ ሳያይ ቀረ።

ቁጥር ስታዩ ዕድሜውንና ሊጉን አብራችሁ እዩ። 23 ዓመት የሞላው ልጅ ከታዳጊዎች ጋር ሲንግል ኤ ውስጥ (ከሜጀር ሊግ በታች ካሉት ከማይነር ሊጎች ዝቅ ያለው ነው) ሆኖ .320 ቢመታ፣ ማለትም ከ100 ዱላ 32ቱ ቢሳካለት፣ ብዙ አያስደንቀኝም። የ19 ዓመት ልጅ ከፍ ባለው ደብል ኤ ላይ ከሱ በሦስትና በአራት ዓመት ከሚበልጡት ጋር እየተጋፈጠ .260 ከመታ ግን ዓይኔን አልነቅልም። ሜዳውም ይወስናል፤ የማይነር ሊግ ቡድን ያለባት አልበከርኪ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ሩቅ ትሄዳለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንት ጊዜ በስትራይክ አውት እንደሚወጣና መጥፎ ኳስ ማለፍ ይችል እንደሆነ ተመልከቱ፤ አማካይ ውጤት በዕድል ይወጣል ይወርዳል፣ ዓይን ግን በአንድ ወር አይጠፋም።

ወርዋሪ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍሱ። ክንድ ነው፣ ይበጠሳል።

ካርዱን ራሱን አለማየትም ያስከፍላል። ልጁ ማይነር ሊግ እያለ የሚወጣው የመጀመሪያ ቦውማንና ሜጀር ሊግ ሲገባ የሚወጣው የሩኪ (የጀማሪ) ምልክት ያለበት ካርድ አንድ አይደሉም። ስንት ኮፒ እንደታተመም ጠይቁ፤ የ1980ዎቹ መጨረሻ ካርዶች ያለልክ ስለታተሙ አብዛኞቹ ዛሬም በሳንቲም ይገኛሉ። ከዚያ መብራት ስር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ፊት ለፊት ሲታይ ንጹህ የነበረው ካርድ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት ብቅ ትላለች። እኔ የመጀመሪያዎቹን ካርዶቼን በላስቲክ አስሬ ነበር ያስቀመጥኳቸው፤ ስፈታቸው በዳርና በዳር የነበሩት ካርዶች ጠርዛቸው ገብቶ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የካርድን ይዞታ እስከ 10 ነጥብ የሚሰጠው ድርጅት ፒኤስኤ 10 በሰጠውና 9 በሰጠው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በእንደዚህ ዓይነት ትንሽ ነገር ነው የሚመጣው።

የመጨረሻው መሸጫውን ማሳለፍ ነው። ጃሰን ዶሚንጌዝ በ16 ዓመቱ ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሲፈርም 5.1 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ አንድም የፕሮፌሽናል ጨዋታ ሳይጫወት ካርዱ ጣሪያ ነካ። በሴፕቴምበር 2023 ሜጀር ሊግ ገብቶ የመጀመሪያ ዱላው ላይ ከጀስቲን ቨርላንደር ሆም ረን መታ። በ8 ጨዋታ 4 ሆም ረን! ወዲያው እሱም ክርኑ ተጎዳ። እንዲህ ያለ ሳምንት ሲመጣ ሁለት ካርድ ካለኝ አንዱን ያኔውኑ እሸጣለሁ።