ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሆኖ የጥንድ ኮከቦችን ኒውትሪኖ እንዴት መፈለግ ይቻላል?

እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች የሚሰበስቡት ብርሃን ነው፤ ኒውትሪኖ፣ ማለትም ቁስን ሳይነካካ ሰንጥቆ የሚያልፍ እጅግ ቀላል ቅንጣት፣ በእነሱ አይያዝም። የሚይዘው በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ 5,160 የብርሃን ጠቋሚዎች የተቀበሩለት አይስኪዩብ የተባለው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2018 የመዘገባቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክስተቶች ለሁሉም ክፍት ስለሆኑ፣ ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ ላለ ሰው ተራ ኮምፒውተርና ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይበቃዋል። መብራትና ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ፋይሎቹን አንዴ ማውረድ ነው።

ከዚያ ጥንዱን፣ ማለትም እርስ በርስ የሚዞሩትን ሁለት የሰማይ አካላት፣ ይምረጡ። ለጀማሪ የምመክረው በካሲዮፒያ ኅብረ ኮከብ ያለውን ኤል ኤስ አይ +61 303 ነው፤ አንድ ጥቅጥቅ ያለ አካል ግዙፍ ኮከብን በ26.5 ቀን ይዞራል። በሰሜን ሰማይ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው። ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር በዚያ በኩል ከባቢ አየርን ሲመታ የሚፈጥራቸው ሙዮን የተባሉ ቅንጣቶች ምድርን አቋርጠው ዋልታው አይደርሱም፤ ምድር ራሷ ወንፊት ትሆናለች። ከከባቢ አየር የሚወለደው ኒውትሪኖ ግን ያልፋል፤ ትግሉ ከእርሱ ጋር ነው።

በጥንዱ ዙሪያ በጥቂት ዲግሪ ክብ ውስጥ የወደቁትን ክስተቶች ይለዩ። ከእያንዳንዱ ጊዜ ላይ የታወቀውን የዑደት መነሻ ቀን ቀንሰው ለ26.5 ያካፍሉ፤ ሙሉ ቁጥሩን ትተው ክፍልፋዩን ይያዙ። ክስተቱ ሲመዘገብ ጥንዱ በዑደቱ የት እንደነበረ የሚነግርዎ ይህ ክፍልፋይ ነው።

እዚህ ላይ አደራ የምለው፦ በፋይሉ ያለውን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት አይቀይሩት። ሲግነስ ኤክስ-3ን የመሰለ በ4.8 ሰዓት የሚዞር ጥንድ ላይ የ3 ሰዓት ልዩነት፣ ውጤቱን ከኤክስሬይ ምልከታ ጋር ሲያስተያዩ ከግማሽ ዑደት በላይ ያዛንፋል።

ዋናው ፈተና ገና ነው። በአንድ የምልከታ ወቅት ውስጥ የክስተቶቹን ጊዜ እርስ በርስ አቀያይረው የሰማይ ኬንትሮሳቸውን እንደገና ያስሉ። ጠቋሚው ዋልታ ላይ ስላለ ኬክሮሳቸው አይነካም፤ ከኮከቡ ጋር ያላቸው ዝምድና ግን ይፈርሳል። ይህን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ደጋግመው፣ በዚህ መንገድ የተፈጠረው የሐሰት ሰማይ በክቡ ውስጥ በመረጡት የዑደት ክፍል ስንት ጊዜ ከእውነተኛው የበለጠ የክስተት ክምችት እንዳሳየ ይቁጠሩ። የክቡን ስፋትና የዑደቱን ክፍል ግን መረጃውን ከመክፈትዎ በፊት በወረቀት ላይ ይወስኑ። ውጤት እስኪታይ ድረስ ክቡን ማስፋትና ማጥበብ ፍለጋ አይባልም።

አይስኪዩብ ራሱ እንዲህ ባሉ ኤክስሬይ በሚያመነጩ ጥንዶች ላይ ባደረገው ፍለጋ ጎልቶ የወጣ ምልክት አላገኘም። እርስዎም ካጡ፣ በሐሰቱ ሰማይ ላይ ሰው ሠራሽ ኒውትሪኖዎችን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ስሌትዎ በእርግጠኝነት የሚያገኛቸው ስንት ሲሆኑ እንደሆነ ያስተውሉና ያንን ቁጥር የጥንዱ የላይኛው ወሰን አድርገው ይመዝግቡ።