የሌላ ሰው ጨው፦ ያገለገለ የኮራል አኳሪየም ሲጸዳና ሲተከል የሚገጥሙ ችግሮች

ያገለገለ የባሕር ውሃ አኳሪየም (ዓሣና ኮራል የሚኖሩበት ገንዳ) የሚገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ታሪክም አብሮ ይገዛል። ሰውየው የጨመረው መድኃኒት ድንጋዩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያልጠረገው ቆሻሻ ከአሸዋው ሥር አለ፤ ያላጠበው ፓምፕ ኖራ ጎርሶ ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ነገር ሲበላሽ ከሁሉ አስቀድሜ የምለየው ችግሩ አብሮ የመጣ ነው ወይስ እኔ ያመጣሁት የሚለውን ነው። ሻጩን ቢያንስ ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ መዳብ ያለበት መድኃኒት ተጨምሮበት ያውቃል? ከደረቀስ ስንት ጊዜ ሆነው? መስታወቶቹን ያጣበቀው ሲሊኮን ደርቆ ለዓመታት ከቆመ እምነት አይጣልበትም።

መስታወቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል፤ ሳሙና አይነካውም

ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሳሙና ቅባትን እንጂ ኖራን አያሟሟም፤ በዚያ ላይ በሲሊኮኑ ጥግ የተደበቀ ሳሙና ውሃው ሲሞላ አረፋ ሆኖ ይመለሳል። ሳሙና እዚህ ሥራ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

የሚበቃው አምስት በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለው ተራ አቼቶ ነው። ቅርፊት ያለበት መስታወት ከታች እንዲሆን አኳሪየሙን ያጋድሙ፤ አቼቶ የጠጣ ጨርቅ አልብሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት። አረፋ ካወጣ ኖራው እየሟሟ ነው። የቀረውን በምላጭ ይፋቁ፤ ወደ ጥጉ ሲቃረቡ ግን እጅዎን ይግቱ፤ ምላጭ የነካው ሲሊኮን የነገ ፍሳሽ ነው። ገንዳው አክሪሊክ ከሆነ ምላጭ አይታሰብም፤ የፕላስቲክ መፋቂያ ይጠቀሙ። አልኮል ወይም አሞኒያ ያለበት ማጽጃም አክሪሊኩን በጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላዋል።

በረኪና ያለበት ባልዲ ውስጥ አቼቶ አይጨምሩ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አንዱን ተጠቅመው ሌላውን ከፈለጉ በመካከሉ ደጋግመው በውሃ ያለቅልቁ።

ታችኛው ጥግ ያረጥባል

የመጀመሪያውን ያገለገለ ገንዳዬን ሞልቼ ስድስት ሰዓት ጠበቅሁና ደረቅ መሆኑን አይቼ ተኛሁ። ጠዋት ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ 48 ሰዓት ሳልጠብቅ አላምንም፤ የምሞክረውም ውሃ ቢፈስ በማያስቆጭ ቦታ ላይ በተራ ውሃ ነው። በሁሉም ጥጎች ሥር ደረቅ ወረቀት ያንጥፉ፤ ጣት የማይሰማውን እርጥበት ወረቀት ያሳያል።

መንስኤው ሁለት ዓይነት ነው። በመስታወቶቹ ውስጠኛ ጥግ የተለጠፈው ሲሊኮን ከተላጠ ወይም ከተቆረጠ ጥገናው ቀላል ነው። መስታወትን ከመስታወት ያጣበቀው ስስ ንብርብር ውስጥ ነጭ ሆኖ የተላቀቀ ቦታ ወይም የአየር ኪስ ከታየ ግን ሸክሙን የሚይዘው መገጣጠሚያ ደክሟል። ሁለት መቶ ሊትር የባሕር ውሃ ብቻውን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ገንዳ መስታወቶቹን ነቅሎ እንደገና ከመገጣጠም በቀር መፍትሔ የለውም፤ እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ለቀላሉ ጥገና የፈሰሰውን ቦታ ብቻ መለጠፍ አያዋጣም፤ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ላይ በደንብ አይያዝም። የውስጡን ሲሊኮን ዙሪያውን በሙሉ ይፋቁ፣ መስታወቱን በአልኮል ይጥረጉ፣ ከዚያ አንድ ወጥ አድርገው ይቀቡ። የሚገዙት ሲሊኮን ሻጋታ መከላከያ የሌለው መሆን አለበት፤ ለመታጠቢያ ቤት በሚሸጠው ውስጥ ያለው የሻጋታ መድኃኒት ለገንዳው ፍጥረታት መርዝ ነው። አንድ ሳምንት ይደርቅ፤ አዲሱ ሲሊኮን የሚያወጣው የአቼቶ ሽታ ካልጠፋ ገና ነው።

ሲሊኮኑ ደህና ሆኖ ከጊዜ በኋላ የሚፈስ ገንዳ ካጋጠመዎት መቆሚያውን በውሃ ልክ ይለኩ። የተጣመመ መቆሚያ ጥጎቹን ቀስ በቀስ ይጎትታል።

ድንጋዩ ላይ የደረቀና የተጣበቀ ነገር አለ

እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ። ከአሮጌ ገንዳ የወጣ ድንጋይ ላይ ዞአንቱስ ወይም ፓሊቶአ የሚባሉ ኮራሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ። ድንጋዩን ለማጽዳት ማፍላት ወይም በሙቅ ውሃ ማጠብ መርዙን ከእንፋሎት ጋር ወደ አየር ይለቀዋል፤ በዚህ ምክንያት መላው ቤተሰብ ሆስፒታል የገባባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ድንጋይ አይፈላም። ጓንትና የዐይን መከላከያ መነጽር አድርገው፣ ድንጋዩን እንዳረጠቡ ከቤት ውጭ ይሥሩ።

ድንጋዩን ከሥሩ ማጽዳት ከፈለጉ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ ቀላቅለው ለጥቂት ቀናት ይንከሩት፤ ከዚያ ደጋግመው አጥበው ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። በዚህ መንገድ አሞኒያን የሚያስወግዱት ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎችም ይሞታሉ፤ ገንዳው ሀ ብሎ ይጀምራል ማለት ነው። እንደ ትንሽ ዛፍ እጁን የሚዘረጋው ኤፕታሲያ የሚባለው ተባይ እንስሳም አብሮ ይሞታል። እርሱን በመቁረጥ ላጠፋ ያለ ሰው ከእያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ኤፕታሲያ ያበቅላል።

ፓምፑ ይጮኻል ወይም አይነሳም

ብዙ ጊዜ ኖራ ነው። ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያስነሱት፤ ካልተነሳ ፈታተው ይንከሩት። የሚሽከረከረው ማግኔት አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ዝገት ካሳየ ግን ይጣል፤ ዝገቱ ወደ ውሃው ይገባል። ማሞቂያን ደግሞ ያገለገለ አልጠቀምም። የሙቀት መቆጣጠሪያው ሲያረጅ በርቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ገንዳው ሾርባ ይሆናል።

መብራት በጠፋ ቁጥር ወለሉ ይጥለቀለቃል

ይህኛው ከታች ሁለተኛ ገንዳ ላላቸው ነው። ፓምፑ ሲቆም የላይኛው ውሃ ወደ ታች መውረዱን ይቀጥላል፤ የመመለሻው ቱቦ አፍ ጠልቆ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ በዚያም በኩል ይሳባል። የቱቦውን አፍ ወደ ውሃው ገጽ ያስጠጉ፤ ወይም ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይብሱለት። ከዚያ መብራት እስኪጠፋ አይጠብቁ፤ ፓምፑን ራስዎ ያጥፉትና ታችኛው ገንዳ ስንት ድረስ እንደሚሞላ ይዩ። ካልፈሰሰ ፓምፑን መልሰው አስነስተው፣ ሲሠራ የታችኛው ገንዳ ውሃ የሚቆምበትን ከፍታ በቀለም ያስምሩ፤ ከዚያ መስመር በላይ አይሙሉ። ቀዳዳውን አልጌ ወይም ቀንድ አውጣ ስለሚደፍነው በየጊዜው ይጎብኙት።

ውሃው ወተት መሰለ

ውሃው የደፈረሰበት ጊዜ ራሱ መንስኤውን ይነግርዎታል። በሞሉበት ቀን ከሆነ የአሸዋ አቧራ ነው፤ በማጣሪያ ጥጥ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። ጨው ሲበጠብጡ ከሆነ ውሃን በጨው ላይ አፍስሰዋል፤ ካልሲየሙ ከውሃው ተለይቶ ይዘቅጣል፤ ያ ብጥብጥ ይደፋ። ሁልጊዜ ጨው ነው በሚንቀሳቀስ ውሃ ላይ የሚጨመረው። ከቀናት በኋላ ከሆነ ደግሞ የባክቴሪያ መራባት ነው፤ የሚመገቡት አብሮ የመጣውን ብስባሽ ነው። ኦክስጅን ስለሚያንስ የውሃውን ገጽ በፓምፕ ያናውጡ፤ ከብስባሹ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያውን፣ ይለኩ።

ከሁሉ በላይ የሚጠረጠረው አሮጌው አሸዋ ነው። ሥሩ ጠቁሮ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይዟል። አንዳንዶች ያጥቡታል፤ እኔ ግን እጥለዋለሁ። አሸዋ ለማትረፍ ብሎ ዓሣ መግደል ስሌቱ አይገባኝም።

ዓሣው ደህና ነው፤ ቀንድ አውጣውና ሽሪምፑ ግን ይሞታሉ

የጨው መጠኑም አሞኒያውም ልክ ሆኖ ይህ ከተደጋገመ መዳብን ይጠርጥሩ። ክሪፕቶካርዮን የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በዓሣ ላይ ነጭ ነጥብ ሲያወጣ ብዙዎች በመዳብ ያክማሉ። ዓሣ የሚችለው የመዳብ መጠን አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳትና ኮራልን ይገድላል። መዳቡ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ይሰርግና ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ ውሃ ይመለሳል፤ ሻጩ መድኃኒቱን የጨመረው ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆንም።

ገንዳውን ከነድንጋዩ በጨው ውሃ ሞልተው ለአንድ ሳምንት ይተዉትና በመዳብ መመርመሪያ ይለኩ። ከተገኘ ድንጋዩና አሸዋው ይወገዱ፤ መስታወቱን በአቼቶ አጥበው ያለቅልቁና ፈተናውን ይድገሙ። የሚቀር ትራፊ ካለ መዳብ የሚስብ ማጣሪያ ይይዘዋል። ኮራል የሚገባው ደጋግመው ለክተው ምንም ካላገኙ በኋላ ነው።

ሁሉም ነገር ቡናማ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ቡናማ ዱቄት ዳያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው። ውሃው ውስጥ ያለውን ሲሊካ የተባለ ማዕድን ሲጨርስ ይሄዳል፤ አይጨነቁ። የቧንቧ ውሃ እየጨመሩ ከሆነ ግን አይጨርስም፤ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ማዕድን በማያሳልፍ ስስ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል።

አረንጓዴው አልጌ ሌላ ጉዳይ ነው። አሮጌ ድንጋይ አልጌውን የሚመግብ ፎስፌት ጠጥቶ ይመጣል፤ ውሃውን ቢቀይሩም መልሶ ይለቅበታል። ድንጋዩን ጨለማ በርሜል ውስጥ፣ ፓምፕ ባለበት የጨው ውሃ ለሳምንታት አቆይተው ፎስፌቱ በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም በታች እስኪወርድ ውሃውን መቀየር ይሻላል። ያው በርሜል ባክቴሪያውንም ያበቅልልዎታል፦ በሊትር 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ከእርሱ የሚፈጠረው ናይትራይትም ዜሮ ሲሆኑ ድንጋዩ ለሥራ ደርሷል። ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

ኮራሉ ነጣ ወይም አልከፈት አለ

መጀመሪያ መለኪያዎን ይጠርጥሩ። ከገንዳው ጋር የመጣው ባለቀስት የጨው መለኪያ ኖራ ወይም የአየር አረፋ ከያዘ ይዋሻል። ሪፍራክቶሜትር (ጨውን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ከሆነ የጨው መጠኑ በሺህ 35 በሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ ያስተካክሉት። የውሃው ጨው በሺህ 35፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከ8 እስከ 9 የጀርመን ዲግሪ፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ከሆነ ወደ መብራቱ ይሂዱ። የሚተነው ውሃ እንጂ ጨው አይደለም፤ የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው የገንዳውን ጨው ያበዛዋል።

የመብራቱ ነገር ቀላል ነው። የተገዛው ኤልኢዲ የቀድሞው ባለቤት ለለመዱ ኮራሎቹ ባስተካከለው ኃይል ላይ እንዳለ ይመጣል፤ አዲስ ኮራል በዚያ ሥር ይነጣል። ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ ያድርጉትና በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ያድርጉ። አሮጌ የፍሎረሰንት አምፑሎች ከሆኑ ደግሞ ቢበሩም ብርሃናቸው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ዓመት ካለፋቸው ይቀየሩ። ሲቀየሩም አንድ በአንድ፣ በየሳምንቱ።