ያረጀ የዕቃ ማድረሻ መኪናን ለሙያ ማሠልጠኛ ስለ መስጠት

በባሕር ዳር ዕቃ በማድረስ ሲተዳደር የቆየ ሰው ሥራውን ሲተው፣ በግቢው የቆመችው መኪና ለመንገድ ባትበቃም ለአውቶሞቲቭ ሠልጣኞች መፍቻና መግጠሚያ መማሪያ ልትሆን ትችላለች። በመጀመሪያ ሞዴሏን፣ የተመረተችበትን ዓመትና ጉድለቷን ሳይደብቁ ለማሠልጠኛው በማመልከቻ ይግለጹ፤ ሞተሯ የማይነሣ ከሆነም ይጻፉት፣ ለማስተማሪያ የተበላሸ ሞተር ከደህናው የሚሻልበት ጊዜ አለና።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ሊብሬው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ባለቤቱን ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ስለሚያደርገው፣ ቁልፉን አስረክቦ ስሙን ሳያዛውር የሚቀር ሰጪ ሌላው ሲነዳ በሚደርስ አደጋ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የስጦታውን ውል በጽሑፍ አድርገው፣ የባንክ ዕዳም ሆነ እገዳ ካለ አስነሥተው፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለም ከፍለው የስም ዝውውሩን በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያስፈጽሙ። ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛዎ ስምምነት አይዘንጋ።

ዘይቱን በደጅዎ አያፍስሱ፤ በጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ የፈሰሰ ዘይትና ከባትሪ የሚወጣ እርሳስ በክረምት ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉና። ሁለቱንም ለማሠልጠኛው መካኒኮች ይተዉላቸው፤ የርክክብ ሰነዱን ቅጂ ግን ይዘው ይመለሱ።