በማዋለጃ ክፍል አላስፈላጊ ኦፕራሲዮንን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በኦፕራሲዮን የተወለዱት 2 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን ከ20 በመቶ አልፈዋል። ገጠር ላይ የጎደለው ኦፕራሲዮኑ ራሱ ነው። ይህ ጽሑፍ ኦፕራሲዮን ያለ በቂ ምክንያት ለበዛባቸው ሆስፒታሎች ነው።

1. ጥቅል ቁጥሩን ይበትኑት። ወላዶችን በሮብሰን 10 ምድቦች (የኦፕራሲዮን ቁጥርን ለማነጻጸር በሚያገለግል አከፋፈል) ለመክፈል የእያንዳንዷን እናት ስንተኛ ወሊድ፣ የቀድሞ ኦፕራሲዮን፣ የጽንሶች ብዛት፣ የጽንሱን አመጣጥ፣ የእርግዝና ሳምንትና ምጡ እንዴት እንደጀመረ መመዝገብ ይበቃል። መጀመሪያ የሚታዩት ምድብ 1 እና 2 (የመጀመሪያ ልጅ፣ በጭንቅላቱ የመጣ፣ ከ37 ሳምንት ጀምሮ) እና ምድብ 5 (ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለዱ) ናቸው። ምድብ 5ን የሚሞሉት በምድብ 1 እና 2 በኦፕራሲዮን የወለዱት ናቸውና ዋናው ሥራ የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ማስቀረት ነው።

2. የምጡን ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው የማሕፀን በር 5 ሳንቲ ሜትር ሲከፈት ነው። ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በ3 ሳንቲ ሜትር የገባች እናት ከዚያው ደቂቃ ስለሚቆጠርባት፣ ገና ያልተፋፋመው ምጧ «አልገፋም» ይባልና ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ትወሰዳለች። እናትና ጽንስ ደህና ከሆኑ በእግሯ እየተንቀሳቀሰች፣ እየበላችና እየጠጣች ትቆይ። «በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር» የሚለውን ደንብ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ትቶታል፤ ለመጀመሪያ ወሊድ ከ5 ሳንቲ ሜትር በኋላ እስከ 12 ሰዓት መውሰዱ ጤናማ ነው። «ቆሟል» ከማለት በፊት ፊኛዋ ባዶ መሆኑን፣ የእንሽርት ውሃው መፍሰሱንና ምጡ በ10 ደቂቃ ቢያንስ 3 ጊዜ መምጣቱን ያረጋግጡ።

3. ያለ ሕክምና ምክንያት ምጥ አያስጀምሩ። ካስፈለገ የማሕፀን በሩን ቀድመው ያለስልሱ። የእንሽርት ውሃው ፈስሶ ኦክሲቶሲን (ምጥ የሚያጠናክር መድኃኒት) ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይሰጥ «አልተሳካም» አይበሉ። የማሕፀን ጠባሳ ላላት እናት ምጥ ለማስጀመር የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶል ፈጽሞ አይሰጥም፤ ማሕፀን ሊቀደድ ይችላል።

4. ስጋት ለሌለባት እናት የጽንሱን የልብ ምት በየ15–30 ደቂቃው፣ ልጁን ለማውጣት ስትገፋ በየ5 ደቂቃው፣ ለ1 ሙሉ ደቂቃ ያዳምጡ። ሳያቋርጥ የሚቀዳ ማሽን የሐሰት ማስጠንቀቂያ ያበዛል። ምቱ ከተዛባ ኦክሲቶሲኑን ያቁሙ፣ እናትየዋን በግራ ጎኗ ያስተኙ፣ እትብት ከጽንሱ ቀድሞ አለመውረዱን ይመርምሩ።

5. እናቷ፣ እህቷ ወይም ባሏ አጠገቧ ይሁኑ። አብሮ የሚቆይ ሰው ኦፕራሲዮንን እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። በመቀመጫው የመጣን ጽንስ ከ36 ሳምንት በኋላ በእጅ ማዞር ይሞከር። ከቀድሞ ኦፕራሲዮን በማሕፀኗ ላይ አንድ የአግድም ጠባሳ ብቻ ያላት እናት ኦፕራሲዮን ክፍሉ ዝግጁ በሆነበት በምጥ መሞከር ትችላለች፤ ከ100 ሙከራ 60–80 ያህሉ ይሳካል።

6. አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ከውሳኔ በፊት ሁለተኛ ሐኪም ይይ። እትብት ወርዶ ወይም ማሕፀን ተቀድዶ ከሆነ ግን አንድ ደቂቃም አይጠበቅም። ከኦፕራሲዮኑ ቁጥር ጎን ሞተው የተወለዱትንና ታፍነው የተወለዱትን ሕፃናት በየወሩ ይመዝግቡ፤ እነዚህ ከጨመሩ ትዕግሥቱ ከልክ አልፏልና ያለፉትን ካርዶች አንድ በአንድ ይመርምሩ።