አክርማን በጓሮ ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አክርማ ለመሶብና ለሰፌድ ስፌት የሚፈለግ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከዚያው ከነባር ሥሩ የሚያቆጠቁጥ የዱር ሣር ነው። በጎንደር ዙሪያ ከግጦሽ መሬትና ከመንገድ ዳር ሲነቀል እንጂ ተተክሎ ብዙም አይታይም። ወደ ጓሮው ሊያመጣው የሚያስብ ሰውም «የዱር ሣር ምን እንክብካቤ ይሻል» ብሎ ይነሣል፤ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ግምት የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ሌላ ሣር አክርማ ነው ብሎ መትከል ነው። አክርማ በሳይንስ ስሙ ኢሉሲን ፍሎቺፎሊያ የሚባል የዳጉሳ ወገን በመሆኑ የአበባው ራስ እንደ ዳጉሳ ጣት ጣት ሆኖ ይከፈታል። ሌላው የስፌት ሣር ስንደዶ እንደ ጭራ ያለ አንድ ራስ ብቻ ስላለው ከአክርማ ጋር አይምታታም፤ የሚያሳስተው በእርሻ ዳር የሚበቅለው፣ አንድ ክረምት ብቻ ቆይቶ የሚደርቀው የዱር ዳጉሳ ነው። አበባ ሳይወጣ ለመለየት የቅጠሉን ጠርዝ ማየት ይበቃል፤ በአክርማ ጠርዝ ላይ እንደ ጥጥ ብናኝ ያሉ ነጫጭ የጠጉር ጉንጉኖች እዚህም እዚያም ተጣብቀው ይታያሉ።

ሁለተኛው ዘሩን በትኖ መጠበቅ ነው። ደቃቁ ዘር ቢበቅል እንኳ በመጀመሪያው ክረምት አረም ይውጠዋልና ከጎለመሰ እግር ላይ ገንጥሎ መትከል ይሻላል። ሲገነጠልም እግሩን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ ከመውሰድ ግማሹን በቦታው መተው ተገቢ ነው፤ ያለዚያ የጋራ መሬቱ ባዶውን ይቀራል።

ከሁሉም በላይ ልፋትን ከንቱ የሚያደርገው ግን የጊዜ ስህተት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጎንደር ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ይከተላል። አክርማው ዓይን የሚገባው በመስከረም አበባ ሲያወጣ ስለሆነ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ነቅሎ ይተክለዋል፤ ግንጣዩም ሥር ሳይሰድ አፈሩ ይደርቅበታል። ትክክለኛው ጊዜ መሬቱ በደንብ ከራሰበት ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ሦስት አራት ቡቃያ ከነሥሩ የያዘው ግንጣይ ቅጠሉ አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶለት ይከረከምና፣ አንገቱ ከአፈሩ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ በግማሽ ሜትር ርቀት ይተከላል። ቅጠሉ ሳይከረከም ከተተከለ የተጎዳው ሥር ሊያቀርብ ከሚችለው በላይ ውሃ ያባክናል፤ አንገቱ በጥልቀት ከተቀበረ ደግሞ ይበሰብሳል።

ቦታ ሲመረጥ ዋልካ መሬት ላይ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ትቶ የእርከን አናትን መያዝ ያዋጣል። በባሕር ዛፍ ሥር መትከልም ድካም ብቻ ነው፤ ሣሩ ፀሐይ ወዳድ ሲሆን ባሕር ዛፉ ግን ብርሃኑንም እርጥበቱንም ይሻማዋል።

አክርማን ለከብት መኖ ብሎ መትከልም ሌላ ስህተት ነው። ከብት ለጋውን ቢቀነጥብም የጠነከረውን ቅጠል አይፈልገውም፤ ከልክ በላይ በተጋጠ መሬት ላይ ሌላው ሣር ሲያልቅ አክርማ ቆሞ የሚታየውም ለዚህ ነው። መኖ ለሚሻ ሰው ደሾ የተባለው የመኖ ሣር የተሻለ ነው። ያም ሆኖ አዲስ የተተከለውን ግንጣይ ከብት ከነሥሩ መዞ ስለሚያወጣው ቢያንስ አንድ ዓመት ማጠር ግድ ነው።

የመጨረሻው ስህተት በአለቃቀም ላይ ይፈጸማል። በተተከለበት ዓመት ምንም ባይነካ ይመረጣል፤ በእኔ ግምት ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ዓመትም የአበባውን ዘንግ በአንድ እጅ እየመዘዙ በሌላው እጅ እግሩን መያዝ ያስፈልጋል፤ በጭብጥ ተይዞ በኃይል ከተሳበ ለከርሞ የሚያቆጠቁጠው ቡቃያ አብሮ ይነቀላል። የተለቀመው ሣር አለላ ለመሆን ቀለም የሚነከር ከሆነ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ እርጥብ እንደሆነ ከታሰረ መሐሉ ሻግቶ ይጠቁራል፣ የጠቆረውም ቀለም አይቀበልም።