ፖለቲካዊ ጥቃት በዴሞክራሲ ውስጥ ተገቢ ሊሆን ይችላል? ስንከራከር የምንስታቸው ነገሮች

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ይሞቃል። አንዱ «በፍጹም!» ይላል። ሌላው «ማንዴላስ?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ የሚደማመጥ የለም። የራሴን አቋም ከወዲሁ ተናግሬ ልገላገል፦ መንግሥትን በድምፅ ማውረድ የሚችል ሰው፣ ለፖለቲካ ብሎ ሌላውን መግደሉ ወይም ማቁሰሉ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ግን ከእኔ ጋር የሚስማሙትም የሚቃወሙኝም መንገድ ላይ የሚስቱት ነገር አለ። አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምርጫ ስላለ ብቻ ዴሞክራሲ አለ ማለት

የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ነበራት። ምርጫም በየጊዜው ታካሂድ ነበር። ጥቁሩ ሕዝብ፣ ማለትም አብዛኛው ሕዝብ፣ ግን ድምፅ አልነበረውም። ማርች 1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ተኩሶ 69 ሰው ገደለ። ብዙም ሳይቆይ የማንዴላ ድርጅት ኤኤንሲ (የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ) ታገደ። ማንዴላና ጓዶቻቸው የትጥቅ ክንፉን ያቋቋሙት ከዚህ በኋላ፣ በ1961 ነው። መጀመሪያ ላይም ያነጣጠሩት ሰው ላይ ሳይሆን እንደ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ባሉ ተቋማት ላይ ነበር። ስለዚህ ማንዴላን በዴሞክራሲ ውስጥ ለሚፈጸም ጥቃት ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አያስኬድም። እሳቸው በሩ የተዘጋባቸው ሰው ነበሩ።

እንግሊዝም ትነሳ። በ1912 እና በ1913 መስኮት ሲሰብሩና ባዶ ቤት ሲያቃጥሉ የነበሩት ሴቶች የሚኖሩት በፓርላማዋ በምትኮራ አገር ነው። አንዳቸውም ግን ለዚያ ፓርላማ መምረጥ አይችሉም ነበር።

እንግዲህ «አገሩ ዴሞክራሲ ነው ወይ?» ከማለት «ለማን?» ማለት ይሻላል። ይህ ሰው መምረጥ ይችላል? መደራጀትስ? ፍርድ ቤት ሄዶ መንግሥትን መርታት ይችላል? ዛሬ ያሸነፈው ወገን ነገ ሊሸነፍ ይችላል? ለእነዚህ መልሱ «አይችልም» ከሆነ፣ የምንከራከረው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

መሸነፍን እንደ መታፈን መቁጠር

የቀደመው ስህተት ግልባጭ ነው። አሁን አሁን የበዛውም ይሄኛው ይመስለኛል። ከ2020ው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በኋላ የተሸነፈው ወገን ከ60 በላይ ክስ አቀረበ። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ተረታ። ክሱን ውድቅ ካደረጉት ዳኞች መካከል ራሳቸው ተሸናፊው ፕሬዚዳንት የሾሟቸው ነበሩበት። እንዲያም ሆኖ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምክር ቤቱ ተመሙ፤ ፖሊስ እየደበደቡ፣ መስኮት እየሰበሩ ገቡ። ብዙዎቹ ከልባቸው የተዘረፉ መስሏቸው ነበር። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። ከልብ ማመን ማስረጃ አይሆንም። ተናዶ ማመንማ ጭራሽ።

የጀርመን ሕገ መንግሥት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በ1968 የተጨመረው አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕገ መንግሥታዊውን ሥርዓት ለማፍረስ በተነሳ በማንም ላይ ጀርመናውያን ሁሉ የመከላከል መብት አላቸው ይላል። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ ሌላ መፍትሔ ከጠፋ ብቻ። ልብ በሉ፣ መብቱ የተሰጠው ሥርዓቱን ለማዳን ነው። ፍርድ ቤቱ ክፍት ከሆነ፣ ጋዜጣው ከታተመ፣ ለቀጣዩ ምርጫ ቀን ከተቆረጠ፣ ሌላ መፍትሔ አለ ማለት ነው። ቀርፋፋ ነው። ያበሽቃል። ግን አለ።

ሁሉንም ጨፍልቆ ማየት

መንገድ ዘግቶ መቀመጥ፣ መስኮት መስበር፣ ቤቱን ሊያቃጥል የመጣን ሰው መመከት፣ ሚኒስትር መግደል፤ እነዚህ አራቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሕዝባዊ እምቢተኝነት ነው። ሦስተኛው ራስን መከላከል ነው። በ1964 ሉዊዚያና ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን የታጠቀ የጥበቃ ቡድን ያቋቋሙት ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ሲያጠቃቸው ፖሊሱ ዞር ብሎ ስለማያያቸው ነው። እሱን ከፖለቲካ ግድያ ጋር የሚደምር ሰው ነገሩን ማወቅ አልፈለገም።

ዓላማው ትክክል ከሆነ ድርጊቱም ትክክል ነው ማለት

ጣሊያን ውስጥ ቀይ ብርጌዶች የተባለው ቡድን ለሠራተኛው መደብ እታገላለሁ ይል ነበር። በ1978 የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር አልዶ ሞሮን ሲጠልፍ አምስት ጠባቂዎቻቸውን ገደለ። ከ55 ቀን በኋላ እሳቸውንም ገደለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን የጉይዶ ሮሳ ታሪክ ነው።

ሮሳ ጄኖቫ ከተማ ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፣ የኮሚኒስት ፓርቲም አባል። አንድ የሥራ ባልደረባው የቀይ ብርጌዶችን በራሪ ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ በስውር ሲበትን ደረሰበት። አመለከተ። ሌላው ሁሉ ፈርቶ ሲያፈገፍግ እሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። ጃንዋሪ 24 ቀን 1979 ማለዳ፣ ወደ ሥራ ሊሄድ መኪናው ውስጥ እንደገባ ተኩሰው ገደሉት። ለሠራተኛው ተነሳን ያሉ ሰዎች ሠራተኛ ገደሉ። ቀብሩ ላይ ሕዝቡ አደባባዩን ሞላው፤ ፕሬዚዳንቱ ሳንድሮ ፔርቲኒ ሳይቀሩ ተገኙ። ከዚያ በኋላ ቀይ ብርጌዶች በየፋብሪካው የነበራቸው ጥቂት ድጋፍም ተሟጠጠ።

አሁን ጥያቄውን እንደገና እናንሳ። የሠራተኛው ኑሮ ይሻሻል ማለት ስህተት ነበር? አልነበረም። ሮሳም ዕድሜውን የለፋው ለዚያው ነው። የተለያዩት ለሌሎች የመወሰን ሥልጣን ከየት ይመጣል በሚለው ላይ ነው። ሮሳን ባልደረቦቹ መርጠውታል፤ ካልተመቻቸውም ያነሱታል። ገዳዮቹን ማን መረጣቸው? ማንስ ያነሳቸዋል? በዴሞክራሲ ውስጥ የሚፈጸም ፖለቲካዊ ግድያ አንድን ሰው ብቻ አያጠፋም። የአንድ ሰው ድምፅ ከአንድ ሰው ድምፅ እኩል ነው የሚለውን ስምምነትም አብሮ ይጥሳል። ለእኔ ዋናው ክርክር ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

«ሠርቷል እኮ!» ማለት

ይህን የሚሉት ሁለቱም ወገኖች ናቸው። አንዱ የእንግሊዝ ሴቶችን ይጠቅሳል። ነገር ግን ነውጠኛ የሚባለው ክንፍ ዘመቻውን ያቆመው በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ነው፤ 30 ዓመት የሞላቸውና የንብረት መስፈርት ያሟሉ ሴቶች ድምፅ ያገኙት በ1918። በመካከሉ ጦርነት አለ፤ ጎን ለጎን ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት አቤቱታ ሲያሰባስቡ የኖሩ ሰላማዊ ማኅበራት አሉ። የትኛው ሠራ? የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

ሌላው ወገን ደግሞ ቁጥር ይመዝዛል። ኤሪካ ቼኖዌዝ እና ማሪያ ስቴፋን ከ1900 እስከ 2006 የተደረጉ 323 ዘመቻዎችን አጥንተው፣ ሰላማዊዎቹ 53 በመቶ፣ የትጥቅ ትግሎቹ 26 በመቶ ያህል እንደተሳካላቸው አሳይተዋል። ቁጥሩ ለእኔ ስለሚመች ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። ግን ጥናቱ በዋናነት ያየው አገዛዝ ለመገልበጥ ወይም ነፃነት ለማግኘት የተደረጉ ትግሎችን ነው። በዴሞክራሲ ውስጥ ስላለ ፖሊሲ ክርክር በቀጥታ አይናገርም። ከዚያም በላይ፣ ስርቆት ብዙ ጊዜ ይሳካል። ስለተሳካ ተገቢ አይሆንም።

አንድ ድርጅት በሁለት ሥርዓት ውስጥ ማየት ከፈለጋችሁ ኤታ የተባለውን የስፔን ባስኮች ተገንጣይ ታጣቂ ድርጅት እዩ። በ1973 የፍራንኮን ጠቅላይ ሚኒስትር ካሬሮ ብላንኮን ማድሪድ ውስጥ በቦምብ ሲገድል ስፔን አምባገነን አገዛዝ ሥር ነበረች። ፍራንኮ ሞተ። በ1978 ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ባስኮችም የራሳቸውን ፓርላማ አገኙ። ኤታ ግን አላቆመም። በጠቅላላው ከ800 በላይ ሰው ገድሏል፤ አብዛኛውን ከፍራንኮ በኋላ። ጥቃቱን በ2011 አቆመ፤ በ2018 ፈረሰ። የጠየቀውን ነፃነት አላገኘም።

ጥቃት የደካማ መሣሪያ ነው ብሎ ማሰብ

ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የምንስለው የተበደለ ታጋይ ነው። እውነተኛው ታሪክ ሌላ ይላል። በ1898 ሰሜን ካሮላይና፣ ዊልሚንግተን ውስጥ፣ ጥቁሮችም የተካተቱበት የከተማ አስተዳደር ነበር። የታጠቁ ነጮች መሣሪያ ይዘው ወጡና ተመራጮቹን በግድ ከሥልጣን አወረዱ፤ ጥቁሮችን ገደሉ፤ የጥቁሮችን ጋዜጣ ቢሮ አቃጠሉ። ማንም አልተጠየቀም።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበረችው ጀርመንም ኤሚል ጉምበል የተባለ የሒሳብ ሊቅ የፖለቲካ ግድያዎችን ይቆጥር ነበር። ከ1919 እስከ 1922 ባለው ጊዜ ቀኝ ክንፈኞች የፈጸሙትን 354፣ ግራ ክንፈኞች የፈጸሙትን 22 ብሎ መዘገበ። የቀኞቹ አብዛኞቹ ሳይቀጡ ቀሩ። የግራዎቹ ላይ ግን ሞት ጭምር ተፈረደ። የጥቃት በር አንዴ ከተከፈተ ቀድሞ የሚገባው የተሻለ የታጠቀውና ዳኛው ዘንድ ወዳጅ ያለው ነው። ለተበዳዩ ብላችሁ ይህን በር ልትከፍቱ ካሰባችሁ ይህን አስቡበት።

መንግሥት «እውነተኛ መልኩን» እንዲያሳይ መቆስቆስ

ኡራጓይ በላቲን አሜሪካ በዴሞክራሲዋ ከታወቁት አገሮች አንዷ ነበረች። በ1960ዎቹ ኢኮኖሚዋ ተዳከመ፤ የመንግሥትም እጅ እየከበደ መጣ። ምርጫ ግን ነበር። ቱፓማሮስ የሚባሉት የከተማ ሽምቅ ተዋጊዎች ባንክ ዘረፉ፣ ዲፕሎማት ጠለፉ፣ ሰው ገደሉ። በ1972 ጦሩ ሰባበራቸው። ሰባብሮ ግን ወደ ካምፑ አልተመለሰም። ጁን 1973 ፓርላማው ተዘጋ፤ ወታደራዊው አገዛዝ እስከ 1985 ቆየ። የታሰሩትና የተሰቃዩት ደግሞ ጠመንጃ ነክተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ጭምር ናቸው።

ለመፈንቅለ መንግሥቱ ተጠያቂዎቹ ያደረጉት ናቸው። ይህንን ማድበስበስ አይገባም። ሰበቡን ያቀበላቸው ማን እንደሆነ መጠየቅም ግን ተገቢ ነው። ከቱፓማሮስ አንዱ የነበሩት ሆሴ ሙሂካ ከረጅም እስር በኋላ በምርጫ ተወዳድረው በ2010 ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ማብራራትን እንደ ማጽደቅ መስማት

አጭር ናት። «ለምን አደረጉት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ደግ አደረጉ» አላለም። ምክንያቱን ሳናውቅ የሚቀጥለውን መከላከል አንችልም።

ከጥቃቱ በኋላ ሕጉን ማጠፍ

ኦክቶበር 1970 የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የኩቤክ ተገንጣዮች አንድ የእንግሊዝ ዲፕሎማትና የኩቤክ ሚኒስትሩን ፒየር ላፖርትን ጠለፉ። የካናዳ መንግሥት የጦርነት ጊዜ ሕግ አወጀ። ላፖርት ተገደሉ። ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ታሰረ፤ አብዛኛው ክስ እንኳ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ። በሰላም የመገንጠልን ሐሳብ የሚደግፉ ሰዎችም ጭምር ተጠረጠሩ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ያው ሐሳብ በፓርቲ ተደራጅቶ የኩቤክን ምርጫ አሸነፈ። በ1980 እና በ1995 ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። በሁለተኛው የተሸነፈው ለጥቂት ነው፤ ተቃዋሚው 50.58 በመቶ ነበር ያገኘው።

ኖርዌይ ሌላ መንገድ ሄደች። ጁላይ 22 ቀን 2011 አንድ ሰው ኦስሎ ውስጥ ቦምብ አፈነዳ፤ ከዚያ ኡቶያ ደሴት ላይ በአንድ ፓርቲ የወጣቶች ካምፕ ተኩስ ከፈተ። 77 ሰው ገደለ። በመደበኛ ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ ቆሞለት ተዳኘ። ለኅብረተሰቡ አደገኛ እስከሆነ ድረስ ሊራዘም የሚችል 21 ዓመት ተፈረደበት። በኋላም የእስር አያያዜ ሰብአዊ አይደለም ብሎ መንግሥትን ከሰሰ። ብዙ ሰው ተናደደ፤ ማንስ ቢሆን! ፍርድ ቤቱ ግን አቤቱታውን ተቀብሎ ሰማ፤ በ2016 ከፊሉን ፈረደለት። መንግሥት ይግባኝ አለ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረበት።